ሦስተኛዋ አረንጓዴ መብራት

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ምግብ እምቢታና ስለ አማት ናቸው። የዛሬው ስለ አውሮፕላን ጎማ ነው። ማንበብ ስጀምር ፈገግ ብዬ ነበር፤ ሁለተኛውን ገጽ ስገልጥ ፈገግታዬ ጠፋ።

ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናት። ታላቂቱ 21 ዓመቷ ነው፤ የአብራሪነት ትምህርት ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። ትምህርት ቤቱ የትኛው እንደሆነ እናትየው ጽፋልኛለች፤ እኔ ግን አላነሳውም፣ ለጉዳያችንም አይጠቅምም። ባለፈው ወር ልጅቷ ከአስተማሪዋ ጋር ሁለት ሞተር ባላት ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ሲለማመዱ ቆዩ። ሊያርፉ ሲሉ፣ ጎማዎቹ ወርደው መቆለፋቸውን ከሚያሳዩት ሦስት አረንጓዴ መብራቶች ሁለቱ በሩ፤ ሦስተኛዋ ጨለማ ሆና ቀረች። ማረፉን ትተው እንደገና ከፍ አሉ። የሚደረገውን ሁሉ አድርገው፣ ዞረው ዞረው፣ መብራቷ እንደጠፋች በሰላም አረፉ። በኋላ ሲመረመር ጎማው በሚገባ ወርዶ ተቆልፎ ነበር፤ የተበላሸችው ለመብራቷ መልእክት የምታደርስ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ማብሪያ ናት።

ልጅቷ ይህን ለቤተሰቧ የተናገረችው ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ እሁድ ምሳ ላይ ነው። «የሰፈር ወሬ የምታወራ ነው የምትመስለው» ትላለች እናትየው። አባት ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። አያቷ «እኔን ሳትቀብሩ ይህች ልጅ ሁለተኛ ሰማይ አትወጣም» ብለው ከገበታው ተነሡ። አባት ሲረጋጋ ደግሞ ያናደደው ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አብራን እየበላች እየጠጣች ደበቀችን ነው የሚለው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል፤ ልጅቷም ስትመለስ በቀጥታ ወደ ክፍሏ ነው። «እኔ መሀል ላይ ነኝ» ይላል ደብዳቤው፤ «ላስቁማት? ወይስ ዝም ልበል? ዝም ብዬ አንድ ነገር ብትሆን ራሴን እንዴት ይቅር እላለሁ?»

እህቴ፣ ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርሽ። አታስቁሚያት፤ ዝምም አትበይ። ለምን እንደዚህ እንደምል ለማስረዳት ግን ጎማውን ራሱን ትንሽ ማወቅ አለብን። ይህን ክፍል ለእማማ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ ፍርሃታቸው ተገቢ ነው፣ ነገር ግን የሚፈሩት ነገር ምን እንደሚመስል የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኔ ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት አማርኛ ነው፤ ስለ አውሮፕላን የማውቀው እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ነው። ይሁን እንጂ ከግቢያችን አጥር ማዶ ሠላሳ ምናምን ዓመት አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ አባት አሉ። ደብዳቤውን ይዤ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ አጥፈው መለሱልኝና «አስተማሪው መጀመሪያ ምን አደረገ?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ጎማው አልጠየቁም። የጥያቄው ነገር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ቡና ተፈልቶ ስለነበር ከረከቦቱ ላይ ሦስት ሲኒ አንሥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ አንዱን ከፊት፣ ሁለቱን ከኋላ ግራና ቀኝ። ባለሙያዎቹ ላንዲንግ ጊር የሚሉት ይህን ነው። እኛ በደፈናው ጎማ እንለዋለን እንጂ ጎማውን፣ ጎማው የተሰካበትን እግርና እግሩን የሚዘረጋውን መሣሪያ ሁሉ ያጠቃልላል። በብዙ አገር ተማሪዎች የሚጀምሩባት ሴስና 172 እግሯ አይታጠፍም፤ እንደተዘረጋ ትነሣለች፣ እንደተዘረጋ ትበራለች፣ እንደተዘረጋ ታርፋለች። ተማሪው ሲጎለብት እግሯ ወደምትታጠፍ አውሮፕላን ይሸጋገራል። የሚታጠፈው ነፋስ እንዳይይዘው ነው፤ እግር ሲሰበሰብ ፍጥነት ይጨምራል፣ ነዳጅም ይቆጠባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው የዘይት ግፊት ነው፤ ሃይድሮሊክ ይሉታል።

እያንዳንዱ እግር ወርዶ ሲቆለፍ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ይነካል፤ ያን ጊዜ በአብራሪው ፊት የዚያ እግር አረንጓዴ መብራት ትበራለች። ሦስት እግር፣ ሦስት መብራት። አንዷ ካልበራች ከሦስት ነገር አንዱ ሆኗል ማለት ነው፤ እግሩ አልወረደም፣ ወይም ወርዶ አልተቆለፈም፣ ወይም ሁሉም ደኅና ሆኖ መብራቷ ዋሽታለች። ከመቀመጫ ሆኖ ሦስቱን መለየት አስቸጋሪ ነው።

ጎረቤቴ የሳቁት እዚህ ላይ ነው። በአንዳንድ ትንንሽ አውሮፕላኖች የማታ መብራቶች ሲበሩ እነዚህ አረንጓዴዎች ዓይን እንዳይወጉ በራሳቸው ይደበዝዛሉ። በጠራራ ፀሐይ የማታው መብራት ሳይታወቅ ከበራ ሦስቱም የጠፉ ይመስላሉ። አብራሪው በላብ ተጠምቆ ሲዞር ቆይቶ መፍትሔው አንዲት ማብሪያ ማጥፋት ሆኖ ያርፈዋል። በአሮጌዎቹ ላይ ደግሞ ያልበራችውን አምፖል ነቅሎ በበራችው መተካትና ማየት የተለመደ ነው። እኛ ቤት የሳሎኑ መብራት እምቢ ሲል የምናደርገው መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ካልረዳ የሚደረገው በተራ የተጻፈበት ዝርዝር አለ፤ ቼክሊስት ይሉታል። በቃሌ አውቀዋለሁ ብሎ ማለፍ የለም፤ ተገልጦ ይነበባል። እዚያ ውስጥ የድንገተኛ ማውረጃ አለ። በብዙዎቹ አንድ መያዣ ሲሳብ የዘይቱ ግፊት ይለቀቅና እግሮቹ በራሳቸው ክብደት ወድቀው ይቆለፋሉ፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ በእጅ የሚገፋ ፓምፕ ነው። ከዚያም ዝቅ ብሎ በመቆጣጠሪያ ማማው አጠገብ ማለፍ ይቻላል። ማማው ላይ ያሉት አጉልቶ በሚያሳይ መነጽር አይተው ሦስቱም እግር ወርዷል ይላሉ። «ወርዷል» ነው የሚሉት፤ «ተቆልፏል» ማለት አይችሉም፣ መቆለፉ ከሩቅ አይታይምና።

እንግዲህ ያቺ ልጅና አስተማሪዋ ወደ መሬት ሲመጡ የቀረቻቸው ጥርጣሬ ያቺ ቁልፍ ናት። እግሩ መሬት ሲነካ ቢታጠፍስ? እማማን እንቅልፍ የነሣቸው ይህ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ጎረቤቴ በሦስቱ ሲኒዎች ላይ ትሪ ጫኑበት፤ የቀኙን ሲኒ ቀስ ብለው ሳቡት። ትሪው ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ጠረጴዛውን ነካና ቆመ። «ይኸው ነው» አሉ። አብራሪው የሚያርፈው በደኅናዎቹ እግሮች ላይ ነው፤ ደካማው ባለበት በኩል ያለውን ክንፍ ፍጥነት እስካለው ድረስ በመሪው ደግፎ ከፍ አድርጎ ያቆየዋል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ክንፉ ይወርዳል፣ መሬቱን ይፈገፍጋል፣ አውሮፕላኗም ወደዚያው ትዞራለች። ፕሮፔለሩ መሬት ከነካ ይጣመማል፤ ሞተሩም ተፈትቶ መመርመር አለበት፤ ወጪው ቀላል አይደለም። ከማረፋቸው በፊት ቀበቶ ይጠብቃል፤ ምናልባት ብትጣመም እንዳትቆለፍ በሯ ትለቀቃለች፤ እሳት እንዳይነሣ ነዳጁና ኤሌክትሪኩ ይዘጋል። በእንዲህ ያለ አስተራረፍ የሚጎዳው በብዛት ብረቱ ነው፤ ሰዎቹ ብዙውን ጊዜ በእግራቸው ይወጣሉ። እንዲያውም ትንንሽ አውሮፕላኖች በሆዳቸው የሚያርፉበት ዋናው ምክንያት መሣሪያ መበላሸቱ አይደለም አሉኝ፤ አብራሪው እግሩን ማውረድ ረስቶ ነው።

በሲኒና በትሪ ለማያምን የሆነ ነገር ልናገር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በሴፕቴምበር 2018፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ከቦስተን በስተሰሜን ባለው የቤቨርሊ አየር ማረፊያ፣ የ17 ዓመት ተማሪ ብቻዋን ፓይፐር በምትባል ትንሽ አውሮፕላን ተነሣች። በአሜሪካ በ16 ዓመት ብቻን ለመብረር፣ በ17 ዓመት ደግሞ ለመንጃ ፈቃድ ይደረሳል፤ እኛ ዘንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ማለት ናት። ስትነሣ ከዋና ጎማዎቿ አንዱ ወልቆ ወደቀ። እግሩ የማይታጠፍ ዓይነት ስለሆነ የሚጠፋ መብራት እንኳ አልነበረም፤ ጎማው የለም፣ በቃ። ስሟ በየዜናው ወጥቷል፤ ልጅ ነበረችና እኔ አልጠራውም።

የሬዲዮ ንግግሩ ተቀድቶ ዓለም ሰምቶታል፤ እኔም በልጅ ልጄ ስልክ ሰማሁት። የልጅቷ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። የሚያናግሯት ግን ድምፃቸውን አይለውጡም። የበረራ አስተማሪ በሬዲዮ አብሯት ሆነ፤ የምታደርገውን ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ፣ የምታውቀውን ነገር እንደሚያስታውሳት ዓይነት ይነግራታል። እንዴት ጎማው ወለቀ፣ ማን ሳያየው ቀረ፣ የሚል ጥያቄ አየር ላይ አልተነሣም። አረፈች፤ አውሮፕላኗ ተንሸራተተች፤ ልጅቷ ጭረት ሳይነካት ወጣች።

ትልቁም ቢሆን እንዲሁ ነው። ኖቬምበር 1 ቀን 2011 ዋርሶ ላይ የፖላንድ አየር መንገድ ቦይንግ 767 እግሮቹ አልወርድ ብለውት 231 ሰው ይዞ በሆዱ አረፈ፤ ከባድ ጉዳት የደረሰበት አልነበረም። 767ን እናውቀዋለን፤ የእኛም አየር መንገድ ለብዙ ዓመታት አብርሮታል፣ ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ ተሳፍረውበታል።

እስካሁን የጻፍኩት ለእማማ ማጽናኛ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የማያጽናና ነው፤ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ያሳሰበኝ እሱ ስለሆነ ልለፈው አልችልም።

ዲሴምበር 29 ቀን 1972 ሌሊት ከኒው ዮርክ የተነሣ የኢስተርን አየር መንገድ ትልቅ አውሮፕላን 176 ሰው ይዞ ማያሚ ሊያርፍ ሲል የፊት እግሩ አረንጓዴ መብራት አልበራም። እንደ ደንቡ ማረፉን ትተው ወደ 2,000 ጫማ ወጡ። ከታች ኤቨርግሌድስ የሚባለው ረግረግ ነው፤ ጨለማ፣ አንድ መብራት የማይታይበት። አውቶፓይለቱን ከፍታ እንዲጠብቅ አድርገው ሁሉም ወደ አምፖሏ ዞሩ። አንዱ ሊነቅላት ይታገላል፣ ሌላው ያዘዋል፣ ሦስተኛው እግሩን በዓይኑ ለማየት ወደ ታች ወረደ። በዚህ መሀል አውቶፓይለቱ ከፍታ መጠበቁን ትቶ አውሮፕላኑ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። የማስጠንቀቂያ ድምፅ ተሰምቷል፤ ያዳመጠው የለም። 101 ሰው ሞተ። ፍርስራሹ ሲመረመር የፊት እግሩ ወርዶ ተቆልፎ ነበር፤ የተቃጠለው አምፖል ነው። እንደ ልጅሽ አውሮፕላን ማለት ነው እህቴ።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 28 ቀን 1978፣ ፖርትላንድ ኦሪገን ላይ ሌላ። የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ-8፣ 189 ሰው። እግሩ ሲወርድ ኃይለኛ ድምፅ ተሰማ፤ መብራቱም አልበራ አለ። ካፒቴኑ ጥንቁቅ ሰው ነበር፤ ተሳፋሪው ሁሉ እስኪዘጋጅ ብሎ አንድ ሰዓት ያህል ዞረ። ነዳጁ እያለቀ መሆኑን ከእሱ በታች ያሉት ሁለቱ ጠቅሰዋል፤ ነገር ግን አጥብቀው አልተናገሩም፣ እሱም ልብ አላለም። ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ፤ ከአየር ማረፊያው ሳይደርሱ ወደቁ። 10 ሰው ሞተ። እዚህም እግሮቹ ወርደው ነበር።

ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። በእኛ ቤት ልጅ አባቱን «ነዳጁ አልቋል» የሚለው እንዴት አድርጎ ነው? መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ «አባዬ፣ እንዲያው ነዳጁን ብናየው ምን ይመስልሃል?» ይላል። አባት ከተቆጣ ወይም ካልሰማ ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱም ጨዋ ያሰኘዋል። መከባበራችንን ላጥላላ አይደለም፤ እኔ ራሴ ልጆቼን ያሳደግኩት ለታላቅ ተነሡ እያልኩ ነው። ነገር ግን ያ አውሮፕላን የወደቀው በአሜሪካኖች ጨዋነት ነው፤ በእኛ ቢሆን ኖሮ ከዚያም ቀደም ብሎ ይወድቅ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

አቪዬሽኑ ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው አደጋዎች የተማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በሥልጠና መጣ። በ1979 ናሳ በጠራው ስብሰባ ነገሩ ተነሣ፤ ዩናይትድ በ1981 ማሠልጠን ጀመረ፤ ዛሬ በዓለም ያሉ አየር መንገዶች ሁሉ ይሰጡታል። ትምህርቱ በቀላሉ ሲነገር፣ ችግር ሲመጣ አንዱ ያበራል፣ ሌላው ችግሩን ይፈታል፤ ታናሹ ያየውን በግልጽ እንዲናገር ይሠለጥናል፣ ታላቁም እንዲሰማ ይሠለጥናል። ጎረቤቴ «አስተማሪው መጀመሪያ ምን አደረገ?» ያሉት ለዚህ ነው። ደብዳቤሽ ላይ መልሱ አለ፤ መጀመሪያ ከፍ አሉ። ከዚያ አስተማሪው መሪውን ያዘ፣ ልጅሽ ቼክሊስቱን አነበበች። ጎረቤቴ ይህን ሲያነቡ ነው ራሳቸውን በእሺታ የነቀነቁት።

ሁለተኛው ለአባትየው ነው። አሜሪካኖቹ በ1976 አንድ አሠራር አቆሙ። አብራሪ፣ ጠጋኝ ወይም ተቆጣጣሪ የተሳሳተውን ወይም ያየውን ስጋት ጽፎ ለናሳ ይልካል፤ ስሙ ከጽሑፉ ይወጣል፣ ታሪኩ ግን ሌላው እንዲማርበት ይቀራል። ጥፋቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ካልሆነና በጊዜው ካሳወቀ ከቅጣት ይከለላል። ለምን ይህን ያህል ለዘቡ? ሰው የሚቀጣ ከሆነ ይደብቃል፤ የተደበቀው ደግሞ ነገ ሌላ አውሮፕላን ላይ ይመጣል። ለማሳወቅ የሚሰጠው ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ? 10 ቀን። ልጅህ በዘጠነኛው ቀን ነው የነገረችህ ወንድሜ፤ አንድ ቀን ተርፏታል።

ቀልዴን ይቅር በለኝ። ያ ዘጠኝ ቀን ግን አንተ እንደምታስበው የክህደት ሆኖ አልታየኝም። ምሳ ላይ፣ እንደ ሰፈር ወሬ አድርጋ መጀመሯ ምን ያህል ጊዜ በልቧ እንደተለማመደችው ያሳያል። እንዲህ ነው የማወራው፣ ድምፄን እንዲህ አደርጋለሁ፣ እማማ እንዳይደነግጡ ወጡ ሲጨለፍ እናገራለሁ ብላ አስባበታለች። ተናገረችም። የሆነውን አያችሁ፤ አንዷ ገበታ ጥለው ተነሡ፣ አንዱ ከሃዲ አላት፣ ሌላዋ ዝም አለች። አሁን ወደ ክፍሏ የምትገባው ለዚህ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ነገር ቢያጋጥማት፣ አውሮፕላኗ ብትንቀጠቀጥ፣ አስተማሪዋ ቢያስፈራት፣ እሷ ራሷ ብትደክም፣ ለማን ትነግራለች? እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው። ሦስተኛዋ መብራት ተጠግናለች።

ስለዚህ እህቴ፣ ዝም አትበይ ያልኩሽ ይህን ለማለት ነው። አንድ ቀን ብቻዋን ስታገኛት «ያን ቀን የሆነውን ከመጀመሪያው ንገሪኝ» በያት። አታቋርጫት፤ ወይኔ ልጄን አትበይ፤ እሱን ማታ አልጋሽ ላይ ትያለሽ። ስትጨርስ የጎረቤቴን ጥያቄ ጠይቂያት፤ መጀመሪያ ምን አደረጋችሁ? ነዳጁ ምን ያህል ነበር? መሪውን ማን ያዘ? ፊቷ ሲፈታ ታያለሽ፤ በሕይወቷ ከሠራቻቸው ሥራዎች ሁሉ ምናልባት የምትኮራበት ይሆናል፣ እስካሁን ግን የጠየቃት የለም።

ለእማማ ደግሞ እሷው ራሷ በሲኒ ታሳያቸው። ለእኔ በደንብ ሠርቶልኛል። በነገራችን ላይ እማማ ወጣት ሳሉ ስለ ሙሉእመቤት እምሩ ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ከጣልያን ወረራ በፊት በረራ የተማረችው ኢትዮጵያዊት። የኛ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ደግሞ በ2010 ማዕረጓን ስታገኝ እሳቸው ሳያዩት አይቀሩም፤ አምሳለ ጓሉ ትባላለች። የእነሱም አያቶች እንቅልፍ አጥተው ይሆናል።

አባትየው ንዴቱን የሚያወጣበት ቦታ ከፈለገ ትምህርት ቤቱ አለለት። ሄዶ መጠየቅ መብቱ ነው፤ በጨዋ ደንብ። አውሮፕላኗ እስክትጠገን ቆማ ነበር ወይ? ብልሽቱ በአውሮፕላኗ መዝገብ ተጽፏል ወይ? ተማሪ አንዲት አውሮፕላን ደስ ካላለችው አልሳፈርም ማለት ይችላል ወይ? መልሱ ቀጥተኛ ከሆነ ይረጋጋል። የሚያድበሰብሱት ከሆነ ግን ያኔ ሌላ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ምክሬም ይለወጣል።

ምንም አትሆንም ብዬ አልምልልሽም። መኪና ለሚነዳ ልጅም አይማልም፤ እኛ ግን ስለለመድነው ቁልፉን ሰጥተን እንተኛለን። ልጅሽ የመረጠችው ሥራ አደጋን አስቀድሞ የሚቆጥር፣ የሚጽፍና የሚለማመድ ሥራ ነው። ያን ቀን የሆነውን ከመሆኑ በፊት በሲሙሌተርና በወረቀት ደጋግማ ተለማምዳው ነበር፤ ራስሽ ጽፈሽዋል፣ ምናልባት ልብ ሳትይው።

አንድ ነገር ጎረቤቴ አደራ ብለውኛል። አብራሪዎች ከመብረራቸው በፊት አውሮፕላኗን ብቻ አይደለም የሚፈትሹት፤ ራሳቸውንም ይፈትሻሉ። ሕመም አለብኝ ወይ፣ መድኃኒት ወስጃለሁ ወይ፣ ጠጥቻለሁ ወይ፣ እንቅልፌን ጠግቤያለሁ ወይ፣ በልቻለሁ ወይ ይላሉ። ጭንቀትም እዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ። ቤት ውስጥ ተጣልቶ፣ አኩርፎ፣ አልቅሶ የመጣ ተማሪ በዚያ ቀን መብረር የለበትም። ስለዚህ የልጅቷን የበረራ ቀኖች ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡባቸው። ሰኞ ጠዋት የምትበር ከሆነ እሁድ ምሳ ላይ ሊነሣ የታሰበው ሁሉ ማክሰኞ ይደረግ፤ እማማም የመጨረሻውን ቃላቸውን እስከ ማክሰኞ ያቆዩልን።